«ወሰደ»ና ጎረቤቶቹ፦ ግሥን ለድርጊቱ ስለ መምረጥ

ከዚህ በታች የቀረበውን አጭር ድርሰት በጥሞና አንብቡ። ድርሰቱ የተማሪ ጽሑፍ በማስመሰል የተዘጋጀ ነው፤ በውስጡ ያሉት ስሕተቶች ግን ፈጠራ አይደሉም፤ በየዓመቱ ከተማሪዎች የድርሰት ደብተር የሚለቀሙ ናቸው።

«ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ሻወር ወሰድሁ፤ ቁርስም ወሰድሁ። ከቤታችን እስከ ደሴ መናኸሪያ ባጃጅ ወሰድሁ፤ ከዚያም የኮምቦልቻን ሚኒባስ ወሰድሁ። ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ወሰድሁ። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ። ኮምቦልቻ እንደ ደረስሁ ከአጎቴ ጋር ፎቶግራፍ ወሰድን። አጎቴ ለእናቴ የሚሆን ጋቢ ሰጠኝ፤ እኔም ከእጁ ወሰድሁ። ማታ ራሴን ስላመመኝ መድኃኒት ወሰድሁ። በማግሥቱ ጋቢውን ለእናቴ ወሰድሁላት።»

በዚህች አጭር ድርሰት ውስጥ «ወሰደ» የሚለው ግሥ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተነግሯል። ጸሐፊው ምን ለማለት እንደ ፈለገ የማይገባው አንባቢ የለም። ይሁን እንጂ ድርሰቱን ለአያታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ብታነቡላቸው ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ «ምን አልኸኝ?» ብለው ያስቆሟችኋል። ልጁ በባጃጅ ሄደ እንጂ ባጃጁን አንሥቶ አልሄደም። ወንበሩንም ከሚኒባሱ ነቅሎ አልወረደም። ከዐሥራ አንዱ መካከል ያለ ክርክር በቦታቸው የተቀመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱ የሚያነጋግሩ ናቸው፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን። የቀሩት ሰባቱ የሌላ ግሥ ቦታ የያዙ ናቸው።

ይህ ከየት መጣ? የምትማሩባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ «ቴክ» የሚባል እጅግ ሥራ የበዛበት ግሥ አለ። የቋንቋው ባለቤቶች አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ ኪኒን ሲውጡ፣ ወንበር ሲይዙ፣ ለፈተና ሲቀመጡ፣ ስጦታ ሲቀበሉ፣ ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ምሽግ ሲይዙ ሁሉንም በዚሁ በአንድ ግሥ ይገልጹታል። ይህ ለእነርሱ ነውር አይደለም፤ የቋንቋቸው ጠባይ ነው። አማርኛ ግን ይህንኑ ሥራ ለብዙ ግሦች አከፋፍሎ ሰጥቶታል። ተማሪው በደብተሩ ጠርዝ ላይ «ቴክ ማለት ወሰደ ማለት ነው» ብሎ የጻፈ ዕለት ስሕተቱ ይጀመራል። እንግዲህ በዚህ ትምህርት «ወሰደ» የሚሠራውን ሥራ ከጎረቤቶቹ ሥራ ለይተን እንመለከታለን። ከጎረቤቶቹም ሁሉ ይልቅ «ያዘ» በሚለው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን፤ ከሁሉ ይልቅ የሚበደለው እርሱ ነውና።

የ«ወሰደ» ሥራ

«ወሰደ» ሁለት ቦታ የሚሻ ግሥ ነው፤ አንዱ መነሻ፣ ሁለተኛው መድረሻ። «ነጋዴው ጤፉን ከሐይቅ ወደ ደሴ ወሰደ» ብንል ጤፉ ከሐይቅ ተነሥቶ ደሴ ደርሷል። መድረሻው በቃል ባይነገርም በሐሳብ ይኖራል። «ጎርፉ አጥሩን ወሰደው» ስንል አጥሩ የት እንደ ደረሰ አናውቅም፤ ከነበረበት ቦታ መሄዱን ግን እናውቃለን። ስለዚህ አንድን ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ «ከየት? ወደ የት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው «ወሰደ» በቦታው ነው።

ይህ መመሪያ በዓይን በማይታይ ነገርም ላይ ይሠራል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» የሚለውን አነጋገር ከእንግሊዝኛ የተቀዳ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፤ ጥንተ ርስቱ አማርኛ ነው። ሰውየው ከንቃት ዓለም ወደ ሌላ ዓለም ተሻግሯል፤ ያሻገረውም እንቅልፍ ነው። «ትዝታ ወሰደኝ» ሲባልም እንዲሁ አካል እዚሁ ተቀምጦ ልብ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። አእምሮው አንድ ጊዜ ደኅና፣ አንድ ጊዜ ሕመም ለሚሆንበት ሰው «ወሰድ መለስ ያደርገዋል» የሚሉት አባቶቻችን ሁለቱን ቦታዎች በሁለት ቃል ገልጸዋቸዋል።

የ«ወሰደ» ሌላው ጠባይ ከተናጋሪው የሚርቅ መሆኑ ነው። ወደ ተናጋሪው የሚቀርበውን ዕቃ «አመጣ» እንላለን። ደሴና ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደሴ ሆኖ የሚናገር ሰው «ዕቃውን ወደ ኮምቦልቻ ወሰደው» ይላል፤ ያንኑ ጉዞ ኮምቦልቻ ያለው ወንድሙ «ዕቃውን ከደሴ አመጣው» ብሎ ይነግራችኋል። መንገዱ አንድ ነው፤ የቆሙበት ቦታ ግን ይለያያል። አሁን ከላይ ወዳለው ድርሰት መጨረሻ ተመለሱ። ልጁ ድርሰቱን የጻፈው ኮምቦልቻ ሆኖ ለአጎቱ ቢሆን «ወሰድሁላት» ትክክል ነው። ደሴ ቤቱ ገብቶ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ጽፎት ከሆነ ግን «አመጣሁላት» ማለት ይገባው ነበር። እኛ በቦታው አለ ብለን የቆጠርንለት ድርሰቱን ኮምቦልቻ ጻፈው ብለን ነው።

በግሡ መጨረሻ ላይ የሚቀጠሉትንም ቅጥያዎች ልብ በሉ። «ወሰደለት» ለጥቅሙ ነው፤ «ወሰደበት» ለጉዳቱ ነው። «ጎረቤቱ በሬውን ወሰደለት» ሲባል በሬው ወደ ውኃ ወይም ወደ ግጦሽ ተነድቶለታል። «ጎረቤቱ በሬውን ወሰደበት» ሲባል ግን ነገሩ ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሊያመራ ነው። ለድርሰት ጸሐፊ ይህች «ለ»ና «በ» አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትቆጥብለታለች።

«ያዘ»

«ያዘ» የግእዙ «አኀዘ» የአማርኛ መልክ ነው። የጉሮሮው ፊደል በመዋጡ ግሡ አጥሯል፤ በዚህም ምክንያት እርባታው ተማሪዎችን ያስቸግራል፦ ያዘ፣ ይይዛል፣ ይዞ፣ ያዝ፣ መያዝ። «ይዛል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «ይይዛል» ተብሎ በሁለት «ይ» ይጻፋል።

በ«ያዘ» ውስጥ ጉዞ የለም። እጅ ይጨበጣል፤ ነገሩ ከእጅ ውስጥ ይሆናል፤ በዚህ ይበቃል። ስለዚህ ወንበር ይያዛል፤ ወረፋ ይያዛል፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ ማስታወሻ ይያዛል፤ ግጥም በቃል ይያዛል፤ ቂምም ይያዛል። ክር ቀለም ይይዛል፤ ጆንያ አንድ ኩንታል ይይዛል፤ የድርሰት «ይዘት» የምንለውም ድርሰቱ በውስጡ የያዘው ነገር ነው። ሰው መንገድ ሲጀምር «መንገድ ያዘ» ይባላል። በዕቃ ጉዞ ጊዜ እንኳ «ያዘ» ከሌላ ግሥ ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ «ጋቢውን ይዤላት ሄድሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከ«ወሰድሁላት» ይልቅ ለጆሮ የሚጥምበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

ሥራ ያዝሁ።
ሥራ ያዘኝ።

ቃላቱ ሁለት ሁለት ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው በግሡ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሰውየው ያዥ ነው፤ ደስ ብሎት ለቤተ ሰቡ የሚናገረው ነው። በሁለተኛው ሰውየው ተያዥ ነው፤ ከቀጠሮ የቀረበትን ምክንያት የሚያስረዳበት ነው። ጉንፋን፣ ዝናብ፣ ሳቅና እልክ ሁሉ ሰውን የሚይዙት በዚህ በሁለተኛው አገባብ ነው፦ ጉንፋን ያዘኝ፤ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ፤ እልክ ያዘው። «ጉንፋን ያዝሁ» የሚል ተማሪ ካለ ጉንፋኑን አሳድዶ ያገኘው ያስመስለዋል።

ከዚህም ሌላ «ያዘ» መጀመርን ያመለክታል። «ሕፃኑ መራመድ ያዘ»፣ «ሰማዩ ማጉረምረም ያዘ» ስንል «ጀመረ» ማለታችን ነው፤ ነገር ግን ከ«ጀመረ» ይልቅ ድርጊቱ እየጠነከረ መቀጠሉን ያሳስባል። ይህ አገባብ በግእዙ «አኀዘ»ም ዘንድ የነበረ ነው።

ከዚህ ግሥ የወጡትን ስሞች ብንቆጥር ብዙ ገጽ በፈጀን ነበር። ገንዘብ ያዥ፣ መያዣ፣ አያያዝ፣ ተያዥ (ለሥራ ፈላጊ ዋስ የሚሆን ሰው) የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። አንዱን ግን ሳናብራራ አናልፈውም፤ «ይዞታ»ን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ካለ ወዲህ፣ የገበሬው መብት የተሰየመው በዚህ ቃል ነው። ከአባት ከአያት የሚወረሰው የጥንቱ መብት «ርስት» ይባል ነበር። ዛሬ ገበሬው በእጁ ያለው ደብተር የመሬት «ይዞታ» ማረጋገጫ ነው። መሬቱን ይይዛል፣ ያርሳል፣ ለልጁም ያወርሳል፤ ነገር ግን አይሸጥም። ሕግ አውጪዎቹ «ሀብት» ወይም «ንብረት» ሳይሉ «ይዞታ» ማለታቸው በአጋጣሚ አይደለም። አንድ ግሥ በትክክል ሲመረጥ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

የተቃራኒው ፈተና

«ወሰደ»ንና «ያዘ»ን ለመለየት ሲያጠራጥራችሁ ተቃራኒያቸውን ፈልጉ። የተያዘ ነገር ይለቀቃል፤ የተወሰደ ነገር ይመለሳል። ከታሪክ ምሳሌ እንውሰድ። (እዚህ ላይ «እንውሰድ» ማለታችንን የታዘበ ተማሪ ይኖራል፤ ምሳሌው ከታሪክ ተነሥቶ ወደ ገጻችን ስለሚመጣ አጥፍተናል አንልም።)

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። ከተማ ከቦታው አይነሣም፤ ስለዚህ «ደሴን ወሰደ» አንልም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ያው ጦር ተሸንፎ ደሴን ለቀቀ። ይኸው ወራሪ በ1929 ዓ.ም. የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮማ ወሰደ። ሐውልቱን «ያዘ» ብንል ታሪኩ ይጎድላል፤ ከአክሱም ምድር ተነቅሎ ባሕር ተሻግሯልና። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመለሰ እንጂ «ተለቀቀ» አልተባለም።

በእናንተ ዕድሜ የሆነውም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት መጨረሻ ተይዘው በኅዳር መጨረሻ ተለቅቀዋል። በዚያ ጊዜ ከሆስፒታልና ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ በሚመለከት ግን ጥያቄው «ተለቀቀ ወይ?» ሳይሆን «ተመለሰ ወይ?» የሚል ነው።

ሁለቱ ግሦች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ የተገናኙበትን ታሪክ ለማየት ከደሴ ርቀን አንሄድም። መቅደላ በዚሁ በደቡብ ወሎ ይገኛል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ አምባውን አቃጥሎ ለቅቆ ሄደ። ስለዚህ «ያዘ» እዚያው ሚያዝያ ላይ በ«ለቀቀ» ተዘግቷል። «ወሰደ» ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ጽላቶች፣ የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ የነሐስና የብር ንዋያተ ቅድሳት ከአምባው ወርደዋል። ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ከተሸጡ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረዋል። ዐሥራ አንድ ጽላቶች ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስም ተወስዶ፣ በባዕድ አገር አድጎ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በ1872 ዓ.ም. ዐርፏል፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የፀጉር ዘለላ በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል፤ የልዑሉ ዐፅም ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።

ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪ አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። «የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን ወሰደ» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት አልጻፈም፤ መጻሕፍቱ ከመቅደላ ወደ ለንደን ሄደዋል። ነገር ግን «ወሰደ» ስለ ጉዞ እንጂ ስለ መብት አይናገርም። ባለቤቱም ዕቃውን ይወስዳል፤ ሌባም ይወስዳል። ፈቃድ የሌለበትን መውሰድ የሚገልጹ ግሦች አማርኛ አላጣም፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። «ሰረቀ» በስውር ነው። «ነጠቀ» በቅጽበትና ከእጅ ላይ ነው። «ቀማ» ባለቤቱ እያየ በጉልበት ነው። «ዘረፈ» ብዙ ሆኖ፣ ብዙ ነገርን፣ በተሸነፈ ወይም ጠባቂ ባጣ ቦታ ላይ ነው። በመቅደላ የሆነው ከእነዚህ በየትኛው እንደሚገለጽ እናንተው ፍረዱ፤ የዚህ ትምህርት አዘጋጅ በበኩሉ «ዘረፈ»ን ይመርጣል። ጸሐፊው «ወሰደ» የሚለውን ለስላሳ ግሥ ሲመርጥ ግን፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ለአንዱ ወገን መመስከሩን አይርሳ።

ተቀበለ፣ እንካ፣ አነሣ

«ተቀበለ» ሰጪ ይሻል። አጎቱ ጋቢውን እጁን ዘርግቶ ሰጥቶታል፤ ልጁም ተቀብሏል። «ከእጁ ወሰድሁ» ቢል አጎቱ ሳይፈቅዱ የተደረገ ይመስላል፤ ለአጎቱም ለእርሱም ክብር አይሆንም። ሰጪው ሰው ባይሆንም፣ የሚሰጠው ዕቃ ባይሆንም ግሡ ያው ነው፤ ምክር፣ አደራ፣ እንግዳ ሁሉ ይቀበሉታል። በወሎ መንዙማ ሲባል አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዜማው ከእርሱ አፍ ወጥቶ ወደ እነርሱ አፍ ደርሷልና «ተቀባይ» መባላቸው ትክክለኛ ስም ነው።

ለተቀባዩ የሚነገር አንድ የሚያስደንቅ ቃል በአማርኛ አለ፤ «እንካ»። ኀላፊ ጊዜ የለውም፤ ትንቢትም የለውም፤ «ትናንት እንካሁ» የሚል ሰው አልተወለደም። ለትእዛዝ ብቻ የተፈጠረ፣ ዕቃ በተዘረጋ እጅ ላይ ሳለ ብቻ የሚነገር ቃል ነው፦ እንካ፣ እንኪ፣ እንካችሁ፤ ለሚከበር ሰውም እንኩ። ልጆች በቃል የሚፎካከሩበት «እንካ ሰላንትያ» የተሰየመው በዚህ ቃል ነው፤ ቃልን እንደ ዕቃ እየወረወሩ «ተቀበል» መባባል ነውና። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ታሪክ ስትተረጉሙ አንዱ ሰው ለሌላው ዕቃ እየዘረጋ «ቴክ» ሲለው «ውሰድ» ብላችሁ አትጻፉ። «እንካ» በሉት፤ ሁለቱ ሰዎች ወዲያው ሕይወት ይዘራሉ።

«አነሣ» ከታች ወደ ላይ ነው። የግእዙ «ነሥአ» ማንሣትንም መውሰድንም ባንድነት ይይዛል፤ አማርኛ ግን ከዚሁ ሥር ያወጣውን «አነሣ»ን በተለይ ለማንሣት አውሎታል። ስለ ምን ፎቶግራፍ «ማንሣት» እንደ ተባለ ማብራሪያው ይለያይ ይሆናል፤ አገባቡ ግን ጸንቷል። አንሺው ያነሣል፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ይነሣል። ስለዚህ ልጁ «ከአጎቴ ጋር ፎቶግራፍ ተነሣን» ማለት ነበረበት። «ወሰድን» በማለቱ አንሺው ማን፣ ተነሺው ማን እንደ ነበረ ጠፍቶበታል።

የሚያነጋግሩት

በድርሰቱ ውስጥ የሚያነጋግሩ ናቸው ካልናቸው አንዱ «ጉዞው አንድ ሰዓት ወሰደ» የሚለው ነው። የቀድሞው አማርኛ «ጉዞው አንድ ሰዓት ፈጀ» ይላል፤ «ፈጀ» እሳት እንጨትን እንደሚፈጅ ጊዜንም የሚጨርስ ነው። ሆኖም «ጊዜ ይወስዳል» በጋዜጣም በሬዲዮም ከለመደ ብዙ ዘመኑ ነው። «እርምጃ ወሰደ»፣ «ኀላፊነት ወሰደ» የሚሉትም እንዲሁ ቤተኛ ሆነዋል። ቋንቋ ከጎረቤት ቋንቋ ይበደራል፤ የገባውን ሁሉ እያሳደድን እናስወጣ ብንል የምንናገርበት ባጣን ነበር። በአንጻሩ «ሻወር ወሰደ»፣ «ቁርስ ወሰደ»፣ «ፈተና ወሰደ» የሚሉት ምንም ያልጎደለን ሆኖ ሳለ የገቡ ናቸው። ገላውን ታጠበ፣ ቁርስ በላ፣ ተፈተነ ማለት ያጥራል፤ ያምራልም።

ሁለተኛው «መድኃኒት ወሰደ» የሚለው ነው። በከተማ ሰው ዘንድ ተለምዷል፤ አዘጋጁም ራሱ ሲናገረው ይገኛል። ነገር ግን አንድ ያየውን ነገር ሳይነግራችሁ አያልፍም። አስተማሪ ሳለ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤቱን ለማሳከም አብሯቸው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸውና «እማማ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ» አላቸው። እርሳቸውም መርቀው፣ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። አስተማሪውም አብሮ ሰምቶ ነበር፤ ምንም አላለም። ከሳምንት በኋላ ሕመሙ ብሶባቸው ሲመለሱ ባለሙያው «መድኃኒቱን አልወሰዱም እንዴ?» አላቸው። «ኧረ ወስጄዋለሁ ልጄ!» አሉ፤ «ከሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። ሦስት ጊዜ ያልኸኝን ግን የቀሩትን ሁለቱን እንድትሰጠኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ አልተሳሳቱም። በሚያውቁት አማርኛ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ወደ ቤታቸው ሄዷል። ባለሙያውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ በተማረበት ቋንቋ አስቦ ባደገበት ቋንቋ ተናገረ። «በውኃ ይዋጡት» ቢላቸው ኖሮ ያ ሳምንት አይባክንም ነበር። አማርኛ ለእያንዳንዱ የመድኃኒት ዐይነት ግሥ አለው፤ ኪኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ ቅባት ይቀባል፣ መርፌ ይወጋል። የመድኃኒት አጠቃቀም ወረቀት እንድትተረጉሙ በምትጠየቁበት ቀን እነዚህን ግሦች አስቡ። ከእናንተ መካከል ነርስ፣ ሐኪምና ፋርማሲስት የሚሆኑ አሉና።

መልመጃ

1. በትምህርቱ መጀመሪያ የቀረበውን ድርሰት «ወሰደ» ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይገባበት አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት። ባጃጁንና ሚኒባሱን በሚመለከት «ያዘ»ንና «ተሳፈረ»ን ሞክሩ፤ የትኛው እንደሚሻል ከነምክንያቱ ለክፍላችሁ አስረዱ።

2. በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ባዶ ቦታ ላይ ተስማሚውን ግሥ አግቡ። ከአንድ በላይ ግሥ የሚገባበት ካለ የትርጉሙን ልዩነት ጻፉ።
ሀ. ገበያ ውዬ ስመለስ ሸዋ በር ላይ ዝናብ ------።
ለ. የቦርከና ሙላት የደረሰ ማሽላውን ------።
ሐ. ሽማግሌዎቹ የሰጡትን ምክር ------።
መ. ወንድሟ ለትምህርት ያስቀመጠችውን ገንዘብ ------ባት።
ሠ. ክሩ ቀለሙን አልወደደውም፤ አል------ም።

3. «ሥራ ያዝሁ» እና «ሥራ ያዘኝ» እንደሚሉት ያሉ፣ ቃላቸው አንድ ሆኖ በቅጥያ ብቻ የሚለያዩ ሌሎች ሦስት ጥንድ ዓረፍተ ነገሮችን ፈልጉ።

4. በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ወይም ሌላ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ካለ «ያዘ»ን አውጥታችሁ አንብቡ። በዚህ ትምህርት ያልተጠቀሱ አገባቦችን ካገኛችሁ በደብተራችሁ ላይ ያዙ።

5. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ በዕድሜ ከፍ ያሉ አንድ ሰው ጠይቁ፤ ከእጃቸው ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ወይም በአደራ ተቀብለው እስከ ዛሬ የያዙት አንድ ነገር ያጫውቷችሁ። የነገሯችሁን በሁለት ገጽ ጻፉ። እርሳቸው በየቦታው የተጠቀሙባቸውን ግሦች ሳትለውጡ አስገቡ፤ ከታሪኩም በታች እነዚያን ግሦች ለይታችሁ ዘርዝሩ።